መሪ የለውም

ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለው፤
ላይፕዚግ፣ ጥቅምት፣ ደረጃው እርጥብ ካፖርት የሚሸተው።
እኔ አናጢ ነኝ፤ ሜትሬን በቀበቶዬ፣ እርሳሴን በጆሮዬ ሰክቼ
የወይዘሮ ሬናተን ኩሽና ልለካ መጣሁ በጠዋት ተነሥቼ።

"ሐኪሙ ተቆጣኝ፤ ስኳሬ" አለች፣ "ከልኩ በላይ ወጣ፤
የቆሻሻውም ባልዲ፣ ለአንዲት ባልቴት፣ በሁለት ቀን ሞልቶ የሚወጣ።
የምገዛው ጎመን ከመሳቢያው ሥር ሳልደርስበት ይጠወልጋል፤
የማልገዛው ብስኩት ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እጄ ላይ ይገኛል።"

"ዓመልህን በጉያህ፣ ስንቅህን በአህያህ" ይላል የኛ ሰው ሲመክር፤
ሃያ ዓመት ጣውላ ስልግ ያየሁት ግን ሌላ ነገር፦
ዓመል ጉያ ውስጥ አይኖርም።
በእጀታ ቁመት፣ በመደርደሪያ ጥልቀት፣
በአንዲት እርምጃ ርቀት ነው የሚያድር።

ስለዚህ ሣልሁላት፦
ፖሙ በዓይኗ ልክ፣ ካሮቱ በእርጥብ አሸዋ ሣጥን ቆሞ፤
ምስሩ፣ ባቄላው፣ አጃው በብርጭቆ ማሰሮ፣ መልኩ እንዲታይ፤
ልጣጭ መጣያው ከመክተፊያው ሥር፣ አንድ ክንድ የማይሞላ፤
ድስት ሁሉ ከነክዳኑ፣ እሳት በከንቱ እንዳይበላ።
ብስኩቱን ግን፣ "ያላዩት አገር አይናፍቅም" ብዬ
ከጣሪያው ሥር ሰቀልሁት፣ መሰላል የሚያሻው ጥግ አግልዬ።

ወረቀቱን አየች። መነጽሯን አወለቀች።
"ይኼ ኩሽና አይደለም፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው" አለች።
"ኤክሃርድ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ አልጠበቀኝም፤
በሰባ ሦስት ዓመቴ መሰላል? እሰርቃለሁ እንጂ አልታቀብም።"

አፈርሁ። እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድሁ።
"ሥራዬን ታውቃለህ?" አለችኝ። "አላውቅም" አልሁ።

"ትራም ነበር የምነዳው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት።
ትራም መሪ የለውም። ሰው ይኼን አያስተውልም። እጄ ላይ ያለው
መነሻና ማቆሚያ ብቻ፤ መታጠፊያውን የወሰነው
እኔ ሳልወለድ፣ በአካፋ፣ ብረቱን የዘረጋው ሰው ነው።
በሌሊት ፈረቃ፣ እንቅልፍ ዓይኔን ሲያንገላታው
ቤቴ ያደረሰኝ ብርታቴ መሰለህ? ሐዲዱ ነው።
ሐዲድ ዘርጋልኝ እንጂ አጥር አትሥራ።
ከአልጋዬ ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ካሮቱ
በእንቅልፍ ልቤ የምሄድበትን መንገድ ሥራ።
ደግሞ አንዲት መቀየሪያ ተውልኝ፣
ለእንግዳ፣ ለልደት፣ ለከፋው እሑድ የምታጠፈኝ።"

እንደገና ለካሁ፤ አሁን ግን ግድግዳውን ትቼ እሷን፦
ክንዷ ሲዘረጋ የት ይደርሳል፣ ስታጎነብስ የትኛው ጉልበቷ ያማታል፣
ማለዳ፣ የጫማዋን ግራና ቀኝ ሳትለይ፣ መጀመሪያ ምን ትነካለች?
"የመብራቱን ማብሪያ።" ከማብሪያው ጎን ፖሙን አኖርሁ።
የአያቷን ቁም ሣጥን ሰንጥቄ መደርደሪያ አወጣሁ፤
አዲስ እንጨት ከሁለት ሳንቃ በቀር አልነካሁ፤
ምስማርም አልመታሁ፣ ነገ ሌላ ሰው ፈትቶ እንዲወስደው በብሎን አሰርሁ።
የብስኩቱ መሳቢያ በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ ያለ ቁልፍ፤
ሰም ብቻ አልቀባሁትም፣ ሲሳብ ሲጢጥ እንዲል፣ እንዳይከፈት በእንቅልፍ።

በየካቲት አንድ ማጠፊያ ላጠብቅ ተመለስሁ።
ግቢው ውስጥ አገኘኋት፣ በብርዱ፣ የልጣጭ ባልዲዋን ይዛ፣
የእንቁላል ቅርፊት ብስባሹ ውስጥ ይገባል አይገባም እያለች
ከምድር ቤቱ ቶርስተን ጋር ስትከራከር።
"ስኳርሽስ?" "እንደ አየሩ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል።
ጎመኑ ግን አይጠወልግም።"

ላይ፣ የምስሩ ማሰሮ ባዶ ነው።
ጋዜጣው የመስኮቱን ወንበር መልሶ ይዞታል፤ ያንን ሐዲድ አልሄደችበትም።
በስተግራ ያለውን ሳበች፤ ሲጢጥ አለ።
"እንግዳ ነህ" ብላ ቆርቆሮውን ወደኔ ገፋችው።
አንድ አነሣሁ። እሷም አንድ።
እግሯ መሳቢያውን መልሶ ዘጋው፣ ሳታይ፣
ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው።